ትንሹ ራሱን ሲችል

የአንዲት ደንበኛዬን ፀጉር በቢጉዲን ጠቅልዬ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ላስገባት ስል፣ ታናሽ ወንድሜ መጋዙን በእጁ እንደያዘ ዘው ብሎ ገባ። ፀጉር ቤቴ እሱና ታላቃችን ጋሼ ከሚሠሩበት እንጨት ቤት አንድ መታጠፊያ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ቢሆንም መጋዝ ይዞ መጥቶ አያውቅም። አንድ ነገር ሆነው ነው ብዬ ክው አልኩ።

«እትዬ፣» አለኝ ሰላም እንኳን ሳይል፣ «እኔ ምን ይመስለኛል?»

«ስለ ምኑ?»

«አንዲት ሴትዮ ቁም ሳጥን ልታዝ መጣች። ጋሼ የለም። በሩ ተከፋች ይሻላል ተንሸራታች አለችኝ። ጋሼ ሲመጣ ይነግርሻል አልኳት። ‹እሺ፣ አንተስ? አንተ ምን ይመስልሃል?› አለችኝ።»

«ታዲያ ምን አልካት?»

«ምንም! ቆሜ አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ምንም አይመስለኝም። እትዬ፣ ሰው አርባ ዓመት አልፎት ምንም ሳይመስለው ይኖራል?»

ደንበኛዬ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። እሱ ግን ፊቱ ላይ የነበረው ግራ መጋባት የቀልድ አልነበረም። መጋዙን እያየ ወጣ። እኔ ሞኟ ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ወደ ቢጉዲኔ ተመለስኩ።

ትንሹ የምንለው ቁመቱ አጥሮ አይደለም። ቤቴ ሲገባ ጎንበስ ብሎ ነው። የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ትንሹ ተባለ፤ አገባ፣ ወለደ፣ ፀጉሩ ገባ ገባ አለ፣ አሁንም ትንሹ ነው። የገዛ ሚስቱ እንኳን ስልክ ስታነሳ «ትንሹ የለም፣ ወጥቷል» ትላለች። ታላቃችን ጋሼ ነው፤ እኔ መሃል ላይ ነኝ። መሃል ላይ የተወለደ ሰው ከሁለቱም ወገን ወሬ ይደርሰዋል፤ ከሁለቱም ወገን ጥፊም ይደርሰዋል።

አሠራራቸውን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። አባታችን በተወላቸው እንጨት ቤት ጋሼ ሜትር ይዞ ይለካል፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ትንሹ ጣውላው ላይ ምልክት አድርጎ ይቆርጣል። በቃ። ከጠዋት እስከ ማታ ከቁጥር ሌላ ቃል ላይወጣቸው ይችላል። ጋሼ ጉሮሮውን ከጠረገ ትንሹ መዶሻ ያቀብላል፤ ትንሹ ቀና ካለ ጋሼ የጣውላውን ሌላ ጫፍ ይይዛል። የሠሩት በር ሲዘጋ ድምፅ የለውም። ሰው ሁሉ ይህን አይቶ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» ይል ነበር። እኔም እል ነበር፣ ምን አውቄ!

ከዚያች ቁም ሳጥን ፈላጊ ሴትዮ በኋላ ግን ትንሹ መለስ ብሎ ራሱን መፈለግ ጀመረ። ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ ሻይ ሲቀርብለት ብርጭቆውን ትኩር ብሎ እያየ «እኔ ስኳር እወዳለሁ እንዴ?» ይላል። አንድ ቀን እናታችን ቤት ምሳ በልተን ስንጨርስ ቀና አለ። ጋሼ ከልምድ ነው መሰለኝ የሚይዝለትን ጫፍ ፈለገ።

«እማዬ፣ ጋሼ፣ ራሴን ልችል ነው» አለ።

እናታችን አልገባትም። «የምን ራስን መቻል? ሚስት አግብተህ፣ ልጆች ወልደህ!»

«የሥራ ነው እማዬ። የራሴን ቤት ልከፍት ነው።»

ጋሼ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «ምን አጎደልኩብህ?»

«ምንም።»

«ሰድቤሃለሁ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ሰው ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን?»

ትንሹ እኔን አየኝ፣ እናቱን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ። «እንጃ» አለ።

ከዚህ በላይ የሚያናድድ መልስ አለ? ጠብ ቢሆን አስታራቂ ይገባበታል። «እንጃ»ን ማን ከማን ያስታርቃል? እናታችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል አልሰማህም?» ብላ አለቀሰች። ጋሼ ግን አልጮኸም። የአባታችንን መላጊያ እንዲወስድ ነገረው፤ ወስዶ ሲወጣ ግን ቀና ብሎ አላየውም። እኔ በሆዴ በሁለቱም ተናደድኩ። አንዱ ሳይጠይቅ ሃያ ዓመት አኖረ፣ ሌላው ሳይናገር ሃያ ዓመት ኖረ፣ አሁን ሁለቱም የተበደሉ መስሏቸዋል።

ትንሹ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ተከራየ። ረጅም ጣውላ ሲላግ የጣውላው ጫፍ በመስኮት ይወጣ ነበር። የመጀመሪያ ሰሞን ሄጄ ሳየው ሌላ ሰው ነው የሆነው። ሬዲዮ ከፍቷል። ጋሼ ሬዲዮ ስለማይወድ ትንሹ መውደዱን እሱም አያውቅም ነበር። እግሩ ጎበጥ ያለ ጠረጴዛ እየሠራ ነው፤ ጋሼ ጎበጥ ያለ ነገር አይወድም። ሲርበው ይበላል፣ ሲደክመው ሰጋቱራው ላይ ጋደም ይላል። ደንበኛ መጥቶ «ምን ይሻላል?» ሲለው፣ ትክክል ይሁን አይሁን እንጃ እንጂ፣ «ይህኛው» ይላል። «ይህኛው» ባለ ቁጥር ደግሞ ጆሮው ይቀላል፣ ልክ ስድብ ያመለጠው ይመስል። ቤቱም ገብቶ ሐሳብ መስጠት ጀመረ። ሚስቱ መጀመሪያ ደስ አላት፣ ኋላ ስለ መጋረጃው ቀለም ሲከራከራት «ያንን ዝምተኛውን መልሱልኝ» ብላ ቀለደች።

ደግሞ ሌላው ፊት አለ። የጣውላውን ሌላ ጫፍ የሚይዝለት የለም። ቀና ይላል፣ ማንም አይመጣም፤ ይጠብቃል፣ ከዚያ ትዝ ይለውና አንዱን ጫፍ በርሜል ላይ ያሳርፋል። ሲያተኩሰው ቤቱ ተኝቶ ዋለ፣ ክፍሏም ተዘግታ ዋለች፤ ደንበኞች መጥተው በሩን አንኳኩተው ሄዱ። ጋሼ ጋ እያለ ታሞ ሥራ ቆሞ አያውቅም። ይህን ሲነግረኝ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ራሴ ከባሌ ከተለያየሁ ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው። ስታመም ሻይ የሚያፈላልኝ የለም፤ ሳልታመም ደግሞ ሻይ አፍይልኝ የሚለኝ የለም። የቱ እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ቀን ቀን አንዱ፣ ማታ ማታ ሌላው ይበልጥብኛል።

እንግዲህ ዋናው ጣጣ መጣ። ትንሹ የሚሠራው በር ሁሉ ማጠር ጀመረ። ብዙ አይደለም፣ አንድ ጣት። መጀመሪያ የሠራው ለአንድ መምህር ነበር፤ መምህሩ «ድመቴ በሩ ተዘግቶም ትወጣለች» ብሎ መጣ። ትንሹ እንጨቱ ደርቆ ነው አለ። ሁለተኛውም አጠረ። ሜትሩ ነው አለና ሌላ ሜትር ገዛ። ሦስተኛው ሲያጥር መጋዙን ጠረጠረ። ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ሲለካው አንድ ጣት ይጎድላል፤ ሲለካ ግን ልክ ነበር። «እትዬ፣ አፈር ስሆን፣ ልክ ነው የለካሁት!» ይለኛል። አምነዋለሁ። ግን በሩ አጭር ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ። እዚያ ደግሞ ጋሼ በትንሹ ቦታ የቀጠረው ሠራተኛ የሚቆርጠው ሁሉ ይረዝማል። አንድ ጣት! በሩ መቃኑ ውስጥ አልገባ ይላል። ጋሼ በሠራተኛው ላይ ጮኸ፤ ሠራተኛው «የጠሩልኝን ነው የቆረጥኩት» ብሎ መዶሻውን ወርውሮ ሄደ። ሌላ ቀጠረ፣ ያም እንዲሁ ሆነ። ጋሼ እኔ ጋ መጥቶ «የዘንድሮ ሠራተኛ ጆሮ የለውም» ይላል። ትንሹ ደግሞ እኔ ጋ መጥቶ ስለ መጋዙ ያማርራል። ሁለቱም «ለወንድሜ እንዳትነግሪው» ይሉኛል። አልነገርኩም። ሆዴ ሊፈነዳ ነበር፣ ግን አልነገርኩም። ብነግራቸው ኖሮ ያን ጊዜውኑ ይገባን ነበር፤ ብቻ እኔም አንዱን ከሌላው ጋር አላገናኘሁትም። ሁለት ለየብቻ የታመሙ ሰዎች ናቸው ብዬ ነው የያዝኩት።

በዚህ መሃል የፀጉር ቤቴ በር አረጀ። ባለ ሁለት ተከፋች በር ነው። አሁን ማንን ልዘዝ? ጋሼን ባዝ ትንሹ ይከፋል፣ ትንሹን ባዝ ጋሼ ያኮርፋል። እኔ ብልጧ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብዬ የግራውን ለጋሼ፣ የቀኙን ለትንሹ አዘዝኩ። እያንዳንዳቸው ለየብቻ መጥተው ለኩ። ይህን ሰምታ እናቴ «ከልጆቼ ሁሉ ጭንቅላት ያለሽ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ምነው ባላለችኝ።

በሮቹ የሚገጠሙ ቀን ሁለቱም መጡ። ከዚያ ምሳ ወዲህ ፊት ለፊት ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነበር፤ እንደ ሐኪም ቤት ተራ ጠባቂ በአንገት ብቻ ሰላም ተባባሉ። ትንሹ የራሱን ማጠፊያው ላይ ሰቀለ፤ ከታች ብርሃን ይገባል። ጋሼ የራሱን ሊሰቅል ቢያነሳው ወለሉን ነክቶ አልቆም አለ። ጎን ለጎን ሲያስደግፏቸው አንድ እግሩ የተጠቀለለ ሱሪ መሰሉ።

«አሳጥረኸዋል» አለ ጋሼ።

«አንተ ነህ ያስረዘምከው።»

«እኔ ሁልጊዜ እንደምለካው ነው የለካሁት!»

«እኔም ሁልጊዜ እንደምቆርጠው ነው የቆረጥኩት!»

ካስክ ውስጥ የተቀመጠችው ደንበኛዬ ጭንቅላቷን አወጣች። ያችው ናት፣ ያን ቀን የሳቀችው። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣» አለች፣ «አንዱ አንድ ጣት ይጨምራል፣ አንዱ አንድ ጣት ይቀንሳል። አብራችሁ ስትሠሩ ልክ የሚመጣው ለዚህ አይደለም?»

ጋሼ የበሩን ቁመት እንደገና ለክቶ ቁጥሩን ጠራ። ትንሹ ሜትሩን ተቀብሎ ለካ። የጋሼ ቁጥር በአንድ ጣት ይበልጣል። ጋሼ ዐይኑን አሸ። ለካ እሱ እንጨት ቢተርፍ ይላጋል፣ ቢጎድል አይቀጠልም እያለ ሳያውቀው ጣት እየጨመረ ነው የሚጠራው። ትንሹ ደግሞ ሳያውቀው ያችን ጣት እየቀነሰ ነው ምልክት የሚያደርገው። ሃያ ዓመት! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ፤ እጅም እንደዚያው ነው መሰለኝ።

«አንተ ስለምታሳጥር ነው የምጨምረው» አለ ጋሼ በመጨረሻ።

«አንተ ስለምትጨምር ነው የማሳጥረው» አለ ትንሹ።

ማን እንደጀመረው ማወቅ አልተቻለም። አባታችንም የለም የሚጠየቅ።

ወሬው ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ሰፈሩም በአንድ ድምፅ ፈረደ። ይመለስ። እናታችን «አየህ፣ አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» አለችው። የጎማ ጠጋኙ ሳይቀር «ወንድምህ ጋ ሂድ፣ እኔም ክፍሏን ለጎማ እፈልጋታለሁ» አለው። ጋሼም ልቡ ራርቶ ራሱ መጣ፤ «ና፣ ተመለስ፣ ቦታህ ባዶ ነው» አለው። እኔ አለቀሰልኝ፣ ተቃቀፉልኝ ብዬ ስጠብቅ ትንሹ፣

«ላስብበት ጋሼ» አለ።

በቤታችን «ላስብበት» የተባለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። ጋሼ የተሰደበ መሰለው። እውነቱን ለመናገር እኔም ደንግጫለሁ።

ማሰብ ካሉት ደግሞ ትንሹ አሰበ። ወዲያ ወዲህ እያለ ከሳ። ሚዛኑ እንዲህ ነው፤ ከተመለሰ ሥራው ይቃናል፣ እናቱ ትተኛለች፣ የጣውላው ሌላ ጫፍ ይያዝለታል፤ ግን ያ ምንም የማይመስለው ሰውዬ ይሆናል። ካልተመለሰ ደግሞ በሩ አጭር የሆነ አናጺ ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ያለውን ማን ያዛል? አንድ ቀን ክፍሉ ስገባ ቁርጥራጭ እንጨት ከቦት ተቀምጧል።

«እትዬ፣ እጄን እያየሁት እኮ ነው የሚቀንሰው። እንዳትቀንስ እለዋለሁ፣ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ዓመት የኔ ነው ስለው የነበረው እጅ ግማሹ የጋሼ ነው። አሁን የጋሼን ባወጣው ምን ይተርፈኛል?»

ምን ልበለው? እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። «ዳቦ ብላ» አልኩት።

ግን አልተመለሰም። ቁርጥራጩን እየቆረጠ፣ እየለካ፣ እየረገመ ከረመ። መጀመሪያ ጣቷ ግማሽ ሆነች፣ ከዚያ የጥፍር ያህል፣ ከዚያ ጠፋች። የመምህሩን በር በነፃ በአዲስ ቀየረለት። ድመቷ አሁን እንደ ደንቡ ደጃፍ ላይ ቆማ ነው የምትጮኸው። የኔንም የቀኝ በር እንደገና ሠራልኝ። ጋሼም የግራውን አሳጥሮ አመጣው፤ ይኸው አሁን ሁለቱም ልክ ናቸው።

ይሄኔ ነው ጋሼ የአንድ ትምህርት ቤት መስኮቶች ትእዛዝ የያዘው። ሠራተኛ የለም፣ ቀኑ ደርሷል። ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ለትንሹ «ለአንድ ሳምንት ብቻ» ብሎ ላከበት፣ በእኔ በኩል ነዋ። ትንሹ ልኩን እንደሚሠራ ጋሼ ሰምቷል፤ እኔው ነኝ የነገርኩት። ሰኞ ጠዋት ምሳቸውን ይዤ ስሄድ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ዐይኔ ላይ ነው። ጋሼ ይለካል፣ ይጠራል፤ ትንሹ ይቆርጣል። መጋዙ ሲሄድ፣ ሰጋቱራው ሲረግፍ፣ ሁሉም እንደ ድሮው። እንባዬ መጣ። የመጀመሪያውን መስኮት ገጣጥመው አነሱት።

አንድ ጣት አጠረ።

«ምነው?» አለ ጋሼ። «ተስተካክለሃል ብለውኝ ልኩን ነበር የጠራሁልህ!»

«እኔ ደግሞ ያንተ ቤት ስለሆነ ባንተ ልማድ ልቁረጥ ብዬ!» አለ ትንሹ።

አንዱ ለአንዱ ብሎ ነው የተበላሸው። ልስቅ አፌን ከፈትኩ፣ የሁለቱን ፊት ሳይ ዘጋሁት። ጋሼ እርሳሱን አዙሮ አዙሮ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የማያውቀውን ሰው እንደሚያነጋግር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዴት አድርጌ ልጥራልህ?» አለው።

ትንሹ መጋዙን ይዞ ቆመ። ከሃያ ዓመት በላይ አብረው ሲሠሩ ጋሼ እሱን አንድ ነገር ሲጠይቀው መጀመሪያው ነበር።

«ልኩን ጥራው» አለ።

ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ ሆነ። ጋሼ «ልኩን ነው» ይላል፣ ትንሹ «ልኩን እቆርጣለሁ» ይላል። «ልያዝልህ?» «ያዝልኝ።» «መዶሻ ትፈልጋለህ?» «አዎ፣ አቀብለኝ።» ከዚያ በፊት በዓመት ያልተነጋገሩትን በቀን ተነጋገሩ። መስኮቶቹ አንድም ሳይቀር ገጠሙ፤ የትምህርት ቤቱ ሰውዬ «ወንድማማቾች ሲባል እንዲህ ነው» ብሎ ሄደ።

በመጨረሻው ቀን ትንሹ ፀጉር ቤቴ መጣ። ደንበኛ አልነበረም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመስታወቱ ያይ ጀመር። ከጋሼ ክፉ ቃል ወጥቶ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ኧረ! እስከ በር ድረስ ሸኘኝ።» «እጄን ጨበጠኝና ‹አመሰግናለሁ› አለኝ። ለእኔ፣ እትዬ! ጋሼ እኔን አመሰገነኝ እኮ!»

አፉ እየሳቀ እንባው ይወርዳል። ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው የኖረው ቃል ነው፤ ደግሞ ሰው የገዛ ወንድሙን አያመሰግንም፤ የሚመሰገነው ባዳ ነው። እኔ ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣው፣ እንኳን ደስ ያለህ ልበለው ወይስ እግዜር ያጥናህ፣ አፌ ላይ ሁለቱም መጥተው አንዱም አልወጣ አለኝ።